ጥሬውን ነው እንዴ?

ሦስት ጠጠር ነበረኝ፣ በሦስት ጨርቅ የተቋጠረ፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብጫ፣ አንዱ እንደ ክረምት ሌሊት የጠቆረ።
ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ጠባቧ ክፍል ስትግል፣
እቶኑ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ሲገባ፣ ዓይኔ ከሚዛኑ አይነቀል።
የከሰሉ ጋዝ በድንጋዩ ገላ እየተሹለከለከ ያልፋል፣
ድንጋዩም ከአዳም በፊት የታቀፈውን ኦክስጅን በጥቂት በጥቂቱ ይጥላል፤
ሚዛኑ በቀለለ ቁጥር እጽፋለሁ፦ ብረት ተወለደ።
ባቲ ገበያ ቢሆን የጎደለ ከሰረ ነው የሚባል፤
እዚህ ግን የጎደለ ነው ራሱን የወለደ።

ቀዩ ችኩል ነው። ሙቀቱ ገና ሲነካው ይሰነጠቃል፣
ያብጣል፣ ሆዱን ይከፍታል፣ ጋዙ በየስንጥቁ ይጠልቃል፤
ሻዬን ሳልጨርስ ሰጠኝ።
ብጫው ሆደ ባሻ ነው፤ አስቀድሞ ውኃውን ያነባል፣
የብልቃጡ አንገት ላይ ጠብታው ተንጠልጥሎ ይታያል፤
አንዳንዴ ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ እንደ ማሽላ ፈንድሻ፣
አልቅሶ ሲወጣለት ግን ወንፊት ነው፤ ጋዙን አይለውም፦ አልሻ።

ጥቁሩ...
ጥቁሩ በመቶኛ ቢሰላ ከሁሉም የብረት ባለጸጋ፣
መርፌ ይስባል፣ ሚስማር ይስባል፤ ሲጠይቁት ግን አፉን ዘጋ።
ላዩን ስስ ብረት ለበሰና ከውስጥ ቆለፈ፤
ሦስት ቀን ለመንኩት። አቶ ኪሮስ በወረቀቴ ላይ
«የማይረባ፤ ይጣል» ብሎ ጻፈና አለፈ።

ቅዳሜ ጨርቄን ቋጥሬ ከሐርቡ በላይ ደረስኩ፣
አባቴ ሙሄ አራጌ ደጅ፣ ከመስፉ አጠገብ ተቀመጥኩ።
ወናፉ ከምሰሶው ተሰቅሏል፣ የፍየል ቆዳው ደርቆ፤
ጓሮው ውስጥ የአያቴ የብረት አር ክምር፣ ከሳማው ሥር ተደብቆ፣
ቶሎ ቀልጦ ከአሸዋ ጋር የኮበለለው፣ ብረት ሳይሆን የቀረው፣
ጥቁር ጠርሙስ መስሎ ፀሐይ የሚያብለጨልጨው።
አባቴ ጥቁሩን አነሣ። መዘነው። በምላሱ ጫፍ ቀመሰው።
«ይህንንማ አውቀዋለሁ፤ አባቴን ያስለቀሰው!
ጥሬውን ነው እንዴ የከተትሽው?» ብሎ ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።

«አብሽሪ። ኩሩ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።
ከከሰል ጋር በአንድ ጉድጓድ ዘግተሽ ከመማጸንሽ በፊት፣
ሜዳ ላይ፣ ንፋስ እየመታው፣ በወይራ ፍም አንድ ሌሊት
ጥበሺው። ጥቁረቱ ይለቀዋል። ቀይ ሆኖ ይጠብቅሻል።
ከዚያ ወዲያ ስጠኝ በይው፤ ያኔ ይሰማሻል።»

ሥራ ስቀጠር ቅጹ «የአባት ሥራ» ቢለኝ «ገበሬ» ብዬ ሞልቻለሁ።
ገበያ ስንወርድ ሕፃናቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እናቶች፣
በማግስቱ ማረሻ ይዘው ደጃችን የሚቆሙ አባቶች፣
«ዓይናቸው» ይላሉ ዝቅ አድርገው፤ እኔም ዓይኔን መስበር ተምሬአለሁ።

ሰኞ ስሌቱን ሠራሁት። ሲጠበስ ኦክስጅን ይጨምራል፣ ሚዛኑ ይከብዳል፣
ጠጣሩ ገላ እንደ አዲስ ይደራጃል፣ ኋላም ሲቀንስ ይቀደዳል፤
ልንነጥቀው ያሰብነውን አስቀድመን አጎረስነው።
ጠግቦ ነው ለካ
እጁን የሚፈታው።

ረቡዕ የተጠበሰው ድንጋይ እቶን ገባ። ሚዛኑ
ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ ወረደ፤ ወረደ፤
አቶ ኪሮስ ወንበር ስቦ መጣ፣ መነጽሩን ወለወለ።
«ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?» አለ።
በመዝገቡ ላይ «የዘዴው ምንጭ» የሚል ባዶ መስመር ነበር።
እስክርቢቶዬ ትንሽ ቆመ።
ሙሄ አራጌ፣ ብዬ ጻፍኩ፣ ጠይብ፣ ከሐርቡ በላይ።
ቀለሙ እስኪደርቅ
መዝገቡን አልዘጋሁም።